ጧሪ እናስተምር፦ ከዶሮ ማነቂያ የተነሣ ጥሪ

የዶሮ ማነቂያ ልጆች፣ የሠራተኛ ሰፈርና የእሪ በከንቱ ልጆች፣ በአራዳ ተወልዳችሁ ዛሬ በከተማዋ ዳር ዳር በየኮንዶሚኒየሙ የምትኖሩ ወገኖች፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ ነርሶችና ሐኪሞች፣ በባሕር ማዶ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን፤ ይህ ጥሪ ለሁላችሁም ነው።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እርጅናን አጥንቶ አረጋውያንን በዕውቀት የሚያገለግል ባለሙያ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስ ደረጃ፣ በራሱ የትምህርት ክፍል ይሠልጥን። ዓለም ይህን ትምህርት ጄሮንቶሎጂ ይለዋል። የአረጋውያን ሕክምና የዚህ ትምህርት አንዱ ክንፍ ብቻ ነው። ጄሮንቶሎጂ ጉልበት ለምን እንደሚደክም፣ ትዝታ ለምን እንደሚሳሳ፣ ጡረታ ለምን እንደማይበቃ፣ ቤትና ሰፈር ለአዛውንት እንዴት እንደሚሠራ፣ ብቸኝነት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ በአንድነት ያጠናል። ይህ ዕውቀት ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን የሚደርሰው እኛ ተባብረን ስንነሣ ነው።

ጥሪው ለምን ከዶሮ ማነቂያ ይነሣል? በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት፣ የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማዋ እድሳት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌዎቹን የፒያሳ ሰፈሮች ነካ። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪውም ኮንዶሚኒየም፣ የቀበሌ ቤት ወይም ምትክ ቦታ እየተሰጠው ተነሣ። ከተነሡት መካከል በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በሰፈሩ የነበሩ ሰዎች አሉበት። ያኔ 25 ዓመት የሞላው ወጣት ሰፈሩ ሲፈርስ 74 ዓመቱ ነበር። ጎረቤት የለመደው፣ ልጅ ያሳደገውና የትዳር ጓደኛውን የቀበረው እዚያው አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ዕድሜ ከቦታው ማንሣት ወጣትን እንደማንሣት አይደለም። ልዩነቱን የሚያውቅ፣ የሚለካና አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል።

የቀድሞውን ኑሮ አናስውበው። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስስ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ ነበር። ይህን የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን በሩ ከመሬት እኩል ነበር። የግድግዳው ጭቃ ሳል ያሳልፍ ስለነበር ሌሊቱን ስታስል ያደረችን እናት ጠዋት ጎረቤቷ «እንዴት አደርሽ» ይላታል። ረፋድ ላይ በሯን ያልከፈተች እንደሆነ ይንኳኳል። ስኳር ቢያልቅ የጎረቤት ልጅ ይላካል። ቅዳሴ ለማስቀደስ ጊዮርጊስ፣ ጁምዓ ለመስገድ በኒን መስጊድ በእግር ይደረሳል። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ የሚሰማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ማንም በጀት ያልያዘላቸው የአረጋውያን አገልግሎቶች ነበሩ።

አሁን ከሰፈሩ ከተነሡት ብዙዎቹ አሳንሰር በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ይኖራሉ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ደረጃ ይወጣል። ጉልበቷ የታመመ እናት አንዴ ከወረደች መመለሱን ስለምትፈራ መውረዱን ትተዋለች። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል፣ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ። በሩ ብረት ነው፤ ጎረቤቱ እንግዳ ነው፤ ሳል አይሰማም። የቀድሞ እድሩን መልቀቅ የከበደው አዛውንትም ወርኃዊ መዋጮውን ለማድረስ ታክሲ እየቀያየረ ከተማውን ያቋርጣል። «ጧሪ ቀባሪዬ እድሬ ነው» የሚል ሰው ከእድሩ ሲርቅ ምን እንደሚሰማው ለማንም መንገር አያሻም።

ይህን ችግር ዓለም አጥንቶታል። ፖዌል ላውተንና ሉሲል ናሂሞው የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ የሰው አቅም በቀነሰ መጠን የአካባቢው ጫና እንደሚከብድበት አስረዱ። ለወጣት እግር ምንም ያልሆነ ደረጃ የ78 ዓመት እናትን ከቤት ያስቀራል። መፍትሔውም ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው የሰውየውን አቅም መደገፍ ነው፤ በአካል እንቅስቃሴ፣ በመነጽር፣ በምርኩዝ። ሁለተኛው የአካባቢውን ጫና ማቅለል ነው፤ በምድር ቤት፣ በደረጃ መደገፊያ፣ አብሮ በተዛወረ ጎረቤት። ጄሮንቶሎጂን የተማረ ሰው ከተማ ሲታደስ በዕቅድ ጠረጴዛው ዙሪያ ቢቀመጥ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንት ስንት ናቸው? ምድር ቤት ለማን ይገባል? የትኛው ጎረቤት ከማን ተለይቶ መኖር አይችልም? እድሩ እንዴት አብሮ ይዛወር?

የባለሙያ ዓይን ምን እንደሚያይ በአንድ ቀላል ምርመራ እናሳይ። አንዲት እናት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። «ይነሡ፣ ሦስት ሜትር ይራመዱ፣ ዞረው ይመለሱና ይቀመጡ» ይባላሉ። ባለሙያው በስልኩ ሰዓት ይይዛል። ይህን ለማድረግ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ አደጋ እንዳለባቸው ይገመትና ምክንያቱ ይፈለጋል። ዓይናቸው ነው? ጡንቻቸው ነው? የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ያዞራቸዋል? ነጠላ ጫማቸው ነው? ምርመራው የሚጠይቀው አንድ ወንበርና አንድ ስልክ ብቻ ስለሆነ በእድር ድንኳን ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በዚህ የሚድነው ግን የዳሌ አጥንት ነው። ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ከአልጋ ሳትነሣ ስትቀር ያላየ ቤተሰብ በመካከላችን ማን አለ?

ዛሬ በየጤና ተቋሙ አረጋውያኖቻችን ደጋግመው የሚሰሙት መልስ «እርጅና ነው» የሚል ነው። ጆሯቸው ሲከብድ እርጅና ነው፤ ዓይናቸው ሲጋረድ እርጅና ነው፤ ምግብ አልበላ ሲላቸውና ከሰው ሲርቁ እርጅና ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን የሚታከሙ ናቸው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ድብርት በአዛውንትም ላይ የሚታከም ሕመም ነው። ትናንት ደኅና የነበሩ አባት ዛሬ ድንገት ልጃቸውን አላውቅህም ቢሉ ጃጁ ተብለው የሚተዉ አይደሉም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል አስቸኳይ ምርመራ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ ለአረጋውያን የማይመቹ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ፤ በስማቸው የሚጠራው ዝርዝር እስከ ዛሬ እየታደሰ ይሠራበታል። ይህን የሚያውቅ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በየወረዳው ቢኖረን ስንት አዛውንት ከአልጋ ይነሡ ነበር!

የሌላው ዓለም መንገድ ለእኛም መነሻ ይሆናል። አሜሪካ የጄሮንቶሎጂ ዲግሪ መስጠት የጀመረችው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው (በዚህ አንቀጽ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1975 ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሎንደን ኪንግስ ኮሌጅ የጄሮንቶሎጂ ተቋሙን በ1986 አቋቋመ። በጃፓን ኦቢሪን ዩኒቨርሲቲ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የድኅረ ምረቃ የጄሮንቶሎጂ ትምህርት በ2002 ጀመረ። የፊንላንድ፣ የስዊድንና የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ አንድ የማስተርስ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1988 ትንሿን ማልታን መርጦ ዓለም አቀፍ የእርጅና ተቋም አቋቋመ፤ ዓላማውም በማደግ ላይ ካሉ ሀገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። በአህጉራችን የናይጄሪያው ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል በ2012 የአረጋውያን ማዕከል ከፍቷል፤ በደቡብ አፍሪካም የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የእርጅና ጥናት ተቋም አለው።  እነዚህ ሁሉ የጀመሩት ጉዳዩን ያነሣ፣ የጠየቀና ያልተወ ሰው ስለነበራቸው ነው።

የእኛ መነሻ ደግሞ ከማንም አያንስም። ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮልን አጸደቁ። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 15 አባል ሀገራት ጄሪያትሪክስና ጄሮንቶሎጂን በጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ውስጥ እንዲያካትቱ ይላል። የጸደቀውም ከፒያሳ በአንድ ታክሲ በሚደረስበት አዳራሽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ኢትዮጵያውያን 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከሕዝቡ 5 በመቶ ያህል መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡም ዕድሜውም ጨምሯል።

«ኢትዮጵያ የወጣት ሀገር ናት፤ አሁን ስለ እርጅና ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል አለ። የወጣት ሀገር መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 47 ዓመት ይጠጋ የነበረው አማካይ የመኖር ዕድሜ ዛሬ ከ65 አልፏል። እናቶችና ሕፃናት እንዳይሞቱ ለፍተን የተረፉት ሊያረጁ ነው፤ የልፋታችን ፍሬ ይህ ነው። መምህር ደግሞ በአንድ ክረምት አይሠለጥንም። ዛሬ የሚመዘገብ ተማሪ ማስተርሱን ይዞ፣ ሥራ ላይ በስሎ፣ ዶክትሬቱን ጨርሶ ሌሎችን ማስተማር እስኪጀምር ድረስ አሥር ዓመት ያልፋል። አሁን ካልጀመርን የምንቸገረው እኛው ነን።

«አዛውንትን መጦር ባህላችን ነው፤ ትምህርት ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ባህሉ ኩራታችን ነው። ማዋለድም ግን ባህላችን ነበር፤ የሰፈር አዋላጆችን እያከበርን ነው ሚድዋይፍ ያሠለጠንነው፤ ስንት እናቶችን እንዳተረፈም እናውቃለን። በዚያ ላይ ልጆች ባሕር ማዶ በሄዱበት፣ ጎረቤት በተበተነበት፣ ሁለቱም ባልና ሚስት ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ በሚውሉበት ከተማ ባህሉ ብቻውን አይበቃም። ትምህርት ባህሉን ይደግፈዋል እንጂ አይተካውም።

ለሥልጠና አዲስ ሕዝብ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሀገሪቱ በቂ ሐኪም ባልነበራት ዘመን የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ሕዝብ ላከ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክትሬትም ጨመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ እስከ ገጠር ጎጆ አደረሰ። ሀገሪቱ ይገባል ያለችውን ሥልጠና አድርጋዋለች። አሁን ተራው የአረጋውያን ነው እንላለን።

አንድ ሌላ እውነትም አለ። በቤይሩትና በሌሎች የዓረብ ከተሞች ቤቶች የሰው ሀገር አዛውንት የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱና የሚያገላብጡ የኢትዮጵያ ሴት ልጆች ናቸው። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች በነርስነትና በረዳትነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የዓለምን አዛውንት እየጦርን የገዛ እናታችንን በስልክ ብቻ እንጠይቃለን። ይህ እጅ ሥራውን ያውቃል፤ ዕውቀቱን ወደ ሀገር የሚያስገባ በር ግን እንሻለን።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችን የሚሆን ሥራ አለ።

እድሮች ሆይ! ከሁሉ በፊት እናንተ። ከፒያሳ የተነሡ አባሎቻችሁን መዝገብ አውጡ፤ 60 ዓመት ያለፋቸውን ለዩ፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ፣ ማን ከቤት መውጣት እንዳቆመ ጻፉ። ይህ መዝገብ አረጋውያንን በየቤታቸው ለመጠየቅ ያገለግላል፤ ለሚከፈተው ፕሮግራምም የመጀመሪያው የጥናት መረጃ ይሆናል። ከሐዘን ገንዘባችሁ ጥቂት እየለያችሁ በጋራ የአንድ ተማሪ ወጪ ሸፍኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ኤችአይቪ ኤድስ ሰፈራችንን ባጠቃ ጊዜ ከቀብር አልፋችሁ በሽተኛ ያስታመማችሁ እናንተ ናችሁ፤ ይህን መልካም ሥራ ለአረጋውያን ድገሙት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ! የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የሳይኮሎጂና የሥነ ሕንፃ ክፍሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እርጅና በአንድ ክፍል አጥር ውስጥ አይከተትም። በአጭር የሥራ ላይ ሥልጠና ጀምሩ፤ ከዚያ የማስተርሱን ሥርዓተ ትምህርት አጽድቁ። ተማሪው መንፈቁን ክፍል ውስጥ ብቻ አያሳልፍ፤ በራስ ደስታና በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታሎች፣ በአረጋውያን ረጂዎቹ በመቄዶንያና በሜሪ ጆይ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ይማር። ጎንደርና ባሕር ዳር፣ ጅማና ሐዋሳ የገጠሩን አረጋዊ ኑሮ ይዘው ይምጡ፤ እንደ ሰሜን አውሮፓውያኑ በጋራ ማስተማር ይቻላል። አዛውንቶችንም ለጥናት ብቻ አትፈልጓቸው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲረቀቅ አብረው ይቀመጡ።

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች ሆይ! የሥራ መደብ የሌለው ዲግሪ ተስፋ አስቆራጭ ወረቀት ነው። በየጤና ጣቢያውና በየወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የአረጋውያን ባለሙያ መደብ ክፈቱ። ከተማ ሲታደስ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ ይህ ባለሙያ ከመሐንዲሱ ጎን ይቁም።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች ሆይ! የነርስነት፣ የሶሻል ወርክና የምርምር ልምድ ያላችሁ፣ በኢንተርኔት አንድ ኮርስ ማስተማር፣ ክረምቱን መጥቶ ተማሪ ማለማመድ፣ ያላችሁን መጻሕፍት መላክ ትችላላችሁ። ለእናታችሁ በየወሩ ከምትልኩት ገንዘብ ጎን ለጎን ነገ በሯን የሚያንኳኳ ባለሙያ ይሠልጥንላት።

ወጣቶች ሆይ! ይህን ሙያ ምረጡ። ያሳደገቻችሁን አያት በዕውቀት ማገልገል ክብር ነው፤ ለሀገርም ጠቃሚ ሙያ ነው።

የዓለም የአረጋውያን ቀን መስከረም 21 ይከበራል። የዘንድሮው በዓል በንግግርና በምሳ ግብዣ ብቻ አይለፍ። ከዛሬ ጀምሮ በየእድሩ፣ በየሰንበቴው፣ በየጀመዓውና በየሕንፃው ፊርማ እናሰባስብ። በዚያ ቀን የዶሮ ማነቂያ ልጆች ከያለንበት ተጠርተን፣ አረጋውያኖቻችንን ከፊት አስቀድመን፣ ስድስት ኪሎ ድረስ እንሂድና ፊርማውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እናስረክብ። የምናስረክበው ጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በጄሮንቶሎጂ የማስተርስ ፕሮግራም ይከፈት፤ ለምሩቃኑ የሥራ መደብ ይፈቀድ፤ የአረጋውያን ተወካዮች በሥርዓተ ትምህርቱ ዝግጅት ይካተቱ። መልስ እስክናገኝም በየዓመቱ መስከረም 21 እንመለስ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ አንቺ ይህን የምታነቢ፣ ዛሬውኑ ለእድራችሁ ጸሐፊ ደውሉ። የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይህ ይሁን። የሰፈራችን ቤቶች ፈርሰዋል፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን አሉ፤ ያሳደጉንም እነርሱ ናቸው። እንጡራቸው፤ በዕውቀትም እንጡራቸው።